የድንጋዩ መጠን

ሰው ለንስሐ አባቱ የሚነግረውን ኃጢአት ገበያ ላይ ሽንኩርት እንደሚገዛ ሰው አገላብጦ ነው የሚመርጠው። ከመካከላችሁ «እኔስ እንዲህ አላደርግም» የሚል ካለ ንባቡን እዚህ ላይ ቢያቆም አልቀየመውም፤ ለቅዱሳን የተጻፈ መጽሐፍ ሞልቶ ተርፏል። የቀረነው ግን እንተዋወቃለን። ጾም ገደፍኩ እንላለን። ቅዳሴው ሲረዝም መቋሚያዬን ተደግፌ አንቀላፋሁ እንላለን። ሰው አማሁ እንልና፣ ያማነው ሰው ማን እንደሆነና ምን ቢያደርገን እንዳማነው ስናስረዳ፣ ሐሜቱ እዚያው በንስሐ አባታችን ፊት እንደ አዲስ ይጀመራል። እነዚህ ለመናገር የሚመቹ፣ ቢሰሙም የማያሳፍሩ፣ ጥቂት ስግደት ከታዘዘባቸው በኋላ እንደ ጨዋ እንግዳ ተሰናብተው የሚሄዱ ኃጢአቶች ናቸው።

ቂም ግን ማንም አይናዘዝም። ምክንያቱም ቂም ያለው ሰው የለም። በዚህ በአርባ አራቱ ታቦት አገር፣ በጎንደር፣ እኔ እስከማውቀው አንድም ቂመኛ አይገኝም፤ ያለው የተበደለ ሰው ብቻ ነው። እኔም ቂም አልነበረኝም። የነበረኝ ጥሩ የማስታወስ ችሎታ ነው።

የማስታውሰውን ልንገራችሁ። አባቴ በደብራችን የድጓ መምህር ነበሩ። ከእሳቸው እግር ሥር ተነሥቼ አስኳላ ገባሁ፤ ከአስኳላው አዲስ አበባ ሄጄ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። ዲግሪዬን ይዤ ስመለስ ከከተማችን ትምህርት ቤቶች ባንዱ ዳይሬክተር እንድሆን ታስቦልኝ ነበር። ታስቦልኝ ነበር ስል፣ የምቀመጥበትን ወንበር ሳይቀር አሳይተውኝ ወጥቻለሁ። በዚያው ሰሞን ደምሴ የሚባል አብሮ አደጌ፣ አብረን ዳዊት የደገምን፣ ወንበሩን ካሳዩኝ አለቆች ባንዱ ቤት ምሳ ተጋብዞ ኖሮ፣ እጁን እየታጠበ «ይርጋ እኮ አዲስ አበባ ረቡዕና ዓርብ ሥጋ ይበላል አሉ» ብሎ አወራ። «አሉ» የምትለዋን ልብ በሉልኝ። ይህች ቃል በአገራችን ከጠመንጃ ይልቅ ብዙ ሰው ጥላለች፤ ተኳሹም አይታወቅም።

እኔ በጾም ቀን ሥጋ ቀርቶ ቅቤ የነካው ወጥ ቀምሼ አላውቅም። ግን ማን ይጠይቀኛል? በጎንደር ልጆቹን ዓርብ ቀን ሥጋ ለሚበላ ሰው አምኖ የሚሰጥ አለቃ አልተወለደም። ወንበሩ ለደምሴ ሆነ። እኔ ሊማሊሞን ወርጄ አዲ አርቃይ ለመምህርነት ተመደብኩ። ስለ አዲ አርቃይ ክፉ አልናገርም፤ ሰዎቹ ደጎች ናቸው፤ ሙቀቱ ግን ዲግሪ ያለውንና የሌለውን አይለይም። ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ጎንደር ስመለስ ደግሞ የት ተመደብኩ ብትሉ፣ ከደምሴ ትምህርት ቤት፣ ከደምሴ በታች። ዘወትር ጠዋት በር ላይ ቆሞ «እንደምን አደርክ፣ ይርጋ» ይለኛል። «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ፤ ምስጋናው ለእግዚአብሔር እንጂ ለእሱ አለመሆኑን እንዲያውቅ ድምፄን ጫን አድርጌ።

እንግዲህ ስለ መንፈሳዊ ሕይወቴ እናውራ። በዚያ ዘመን ከእኔ የበለጠ ጾመኛ ከምእመን ወገን አልነበረም። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ አንዳንዴም እስከ ማታ ሳልቀምስ እውል ነበር። ግዴታ ያልሆኑትን አጽዋማት ሁሉ፣ መነኮሳት ብቻ የሚያውቋቸውን ጭምር፣ ፈልጌ እጾም ነበር። ከንፈሬ ሲደርቅ በምላሴ አላርሰውም፤ እንዲደርቅ እተወውና በደምሴ ቢሮ በኩል አልፋለሁ። ለሥራ ጉዳይ ይጠራኝና «ደክሞሃል መሰል» ሲለኝ፣ «ዛሬ ዓርብ አይደል?» እለዋለሁ። ያ ሁሉ ጾም ለእግዚአብሔር ነበር ለደምሴ? እውነቱን ንገረን ካላችሁኝ፣ እግዚአብሔር በመካከል እንደ አስተርጓሚ ነበር።

እናም የምጠብቀው አንድ ነገር ነበር። እንደምታውቁት በእኛ አገር የበደለ ሰው እርቅ ሲፈልግ ነጠላውን አደግድጎ፣ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ ከተበዳዩ ፊት ይንበረከካል፤ «ስለ እግዚአብሔር ማረኝ» ይላል። ተበዳዩ ሲምር ድንጋዩን በገዛ እጁ ያነሣለታል። አዲ አርቃይ ሳለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ከጥላ ሥር ሲሰበስብ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ደምሴን ድንጋይ አሸክሜ አመጣው ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ድንጋዩ የመጅ ያህል ነበር። እየቆየ አደገ። ወደ ኋላማ ወፍጮውን ከነመጁ አሸክሜ ሊማሊሞን ቁልቁል አስወርደው ጀመር።

ይህ ሁሉ ለእኔና ለሕልሜ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር፣ የሺ ባትመጣ ኖሮ። የሺ በሆስፒታል ድሬሰር ነበረች፤ ባሏ የሞተባት፣ ንግግሯ እንደምትወጋው መርፌ አጭርና ቀጥተኛ የሆነ። አባቷ የደብር አለቃ ናቸው፤ «ልጄን ያለ ቁርባን አልሰጥም» አሉ። እኔም አርባን አልፌ ያገኘኋትን ሴት ላጣት አልፈለግሁም። አንድ ቀን ስለ ደምሴ ሳጫውታት (ሌላ ጨዋታም አላውቅ ነበር) መርፌዎቿን እየቀቀለች ሰማችኝና «ለመሆኑ የምትጋባው ከኔ ጋር ነው ከደምሴ ጋር?» አለችኝ። «ምነው?» ብላት «ሌሊት የምታስበው እሱን፣ ጠዋት የምትታየው ለእሱ። እኔ ምን ልሠራ ነው የምገባው?» አለች። ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ተቆረጠ። ለመቁረብ ንስሐ ያስፈልጋልና መምሬ ታፈረ ዘንድ ሄድኩ። መምሬ ታፈረ የእኔም የደምሴም የንስሐ አባት ናቸው፤ ቀጭን፣ ዘወትር እንደሚያንቀላፋ ሰው ዓይናቸውን የሚከድኑ፣ ግን የማያንቀላፉ። ሽንኩርቶቼን አንድ በአንድ አወጣሁላቸው።

«ሌላስ?» አሉኝ።

«ሌላ የለም፣ አባቴ።»

«ደምሴስ?»

«ደምሴ የኔ ኃጢአት አይደለም። የራሱ ነው።»

«ሸጋ። ማን ነው በሱ የተነሣ እንቅልፍ የሚያጣው?»

የነጠላዬን ጫፍ አስተካከልኩ።

«የከሳው ማን ነው? እሱማ ወፍሯል፤ ቅዳሜ ለት አይቼዋለሁ። በል ሂድና ታረቅ። ካልታረቅህ ሥጋ ወደሙን አላቀብልህም፤ የሺም ላባቷ ትቀመጥ።»

«የበደለ እሱ፣ የምሄደው እኔ ነኝ?» አልኩ። «ድንጋይ ተሸክሞ ይምጣ። ከመጣ እምረዋለሁ።»

ይህን ቸርነት የተናገርኩት እንደማይመጣ እርግጠኛ ስለነበርኩ ነው። ዳይሬክተር ሆኖ፣ ከረባት አሥሮ፣ ማን ድንጋይ ይሸከማል? ካልመጣም ጥፋቱ የእሱ፣ ሰማዕትነቱ የእኔ ይሆናል። መምሬ ታፈረ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ይመጣል» አሉ። «አንተ እስክትጠራው ነበር የሚጠብቅ።»

እንደዚያን ቀን ደንግጬ አላውቅም። እናንተ የምሥራች ይመስላችሁ ይሆናል። እስቲ አስቡት። ዳይሬክተር ያልሆንኩት በደምሴ ነው። መጽሐፍ እጽፋለሁ ብዬ ያልጻፍኩት አዲ አርቃይ አድክሞኝ ነው፣ ማለትም በደምሴ ነው። ሳላገባ የቆየሁት በደምሴ፤ ጸሎት ላይ ልቤ የሚበተነው በደምሴ። ይህ ሰው ከታረቀኝ በኋላ ለቀሪው ሕይወቴ ስንፍና ተጠያቂው ማን ሊሆን ነው?

ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ከቀሃ ወንዝ ማዶ ባለው፣ ከአባቴ በወረስኩት ቤት ተቀምጠን ጠበቅነው። መምሬ ታፈረ አሉ። ለሽምግልና ደግሞ ጎረቤቴ አያ ውበቱ ተጠርተዋል። አያ ውበቱ ከገጠር ገብተው ከተማ ዳር የሰፈሩ አራሽ ናቸው፤ ጓሯቸው ከእኔ ጓሮ ጋር ይዋሰናል። ከአባቴ ጋር በጌሾ ተክል ቦታ የተነሣ ለዓመታት ሲካሰሱ ኖረው በሽማግሌ ታርቀዋል፤ ስለዚህም በሰፈሩ ስለ እርቅ የሚናገር ሰው ሲፈለግ መጀመሪያ የሚጠሩ እሳቸው ናቸው። ነገሩን ያውቁታልና።

ደምሴ ገባ። ነጠላውን አደግድጓል፤ ጫማው ተወልውሏል፤ በማጅራቱ ላይ ድንጋይ አለ። ድንጋዩን ለማየት መነፅሬን ማስተካከል ነበረብኝ።

ተንበረከከና መሬት መሬት እያየ «ይርጋ፣ በአፌ በድዬሃለሁ» አለ። «ማንም ሳይል ‹አሉ› ብያለሁ። ወንበሩን ፈልጌው ነበር። ስለ እግዚአብሔር ማረኝ።»

ለዚህ ቀን ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። በንግግሩ ውስጥ ደምሴ ይክዳል፤ እኔ በማስረጃ አፋጥጠዋለሁ፤ ይንተባተባል፤ ሽማግሎች ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ይኸው ሰውየው በሦስት ዓረፍተ ነገር አመነና ንግግሬን ሁሉ ባዶ አስቀረው። ሁለተኛ በደል ማለት ይህ ነው። ወደ ድንጋዩ ዞርኩ።

«ይህ ድንጋይ ነው?» አልኩ።

መምሬ ታፈረ «ምን ሊሆን ኖሯል?» አሉ።

«በር እንዳይዘጋ የሚደረግ ነገር ነው። ያ ሁሉ የአዲ አርቃይ ዓመት በዚህ ይመዘናል?»

አያ ውበቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የሚጠበቁበት ጊዜ መድረሱ ነው። «ልጄ፣ ይቅርታ በድንጋይ አይለካም» አሉ። «ልብ ነው። እኔና አባትህ ስንጣላ ምን አተረፍን? ለአንዲት ዘለላ ጌሾ! ሰው ለምድር ነገር እንዲህ ልቡን ማጥበብ የለበትም። ተው፣ ለእግዜር ብለህ ተው።»

«እኔ እተወዋለሁ፣ አያ ውበቱ። ድንጋዩ ግን ያፌዝብኛል።»

የተማረ ሰው ሲቀልል እንዲህ ነው። ደምሴ ግን አልተቆጣም። ትንሹን ድንጋይ ከበሩ አጠገብ አስቀመጠና «እውነቱን ነው፣ አንሷል» ብሎ ወጣ። ወደ ጓሮ ሲዞር ሰማነው። ቆየ። መምሬ ታፈረ ዓይናቸውን ከድነው ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ የሚጸልዩት ስለ እኔ ይሆን በእኔ ላይ አላወቅሁም።

ሲመለስ አንገቱ ጠፍቷል። ትከሻው ላይ የተጋደመው ድንጋይ ትልቅ፣ ግማሹ ጭቃ፣ ሥሩ ገና እርጥብ ነበር። የተወለወለው ጫማ ጭቃ ለብሷል። ሲንበረከክ ወለሉ ድም አለ። ይህኛው የእኔ ድንጋይ ነው፤ አዲ አርቃይ ዓይኔን ጨፍኜ የማየው፣ ራሱ። ደስ አለኝ። ዲግሪዬን ስቀበል እንዲያ ደስ አላለኝም። ማንሣት እንዳለብኝ አልጠፋኝም፤ ግን ጥቂት ይቆይ አልኩ። ያን ያህል ዓመት የጠበቀ ሰው ጥቂት ቢያጣጥም ምን አለበት?

አያ ውበቱ ስብከታቸውን ቀጥለው «ይቅር የሚል ሰው፣ ልጄ፣ በሰማይ ዋጋው...» ሲሉ ድምፃቸው ቆመ። አንገታቸውን ሰገግ አደረጉ።

«መምሬ፣ ያን ድንጋይ ያዩታል?»

«አየዋለሁ።»

«ከጎኑ መስቀል የተቀረጸበት ነው?»

መምሬ ታፈረ ጎንበስ ብለው ጭቃውን በጣታቸው ጠረጉ። «አዎ፣ አለበት።»

«ወሰኔ ነው» አሉ አያ ውበቱ፣ ቀስ ብለው።

ከድንጋዩ ሥር የደምሴ ድምፅ መጣ። «ወሰን ነው እንዴ? እኔ ድንጋይ መስሎኝ።»

ያ ድንጋይ አባቴና አያ ውበቱ ሲታረቁ በሁለቱ ጓሮ መካከል የተተከለው ነው። የነቀለው፣ የገፋው፣ ያስነቀለው የተወገዘ ይሁን ተብሎ ካህን ገዝቶበታል፤ የገዘቱትም መምሬ ታፈረ ራሳቸው ናቸው። እኔ ጌሾውን ውሃ አጠጥቼው ስለማላውቅ የድንጋዩን መኖር ረስቼው ነበር። የወንበሩን ቀለም እንኳ ሳልረሳ።

«አባትህ በዳኛ ያልቻሉትን አንተ በእርቅ ቻልኸው» አሉኝ አያ ውበቱ ተነሥተው። «መማርማ ተምረሃል።»

«እኔ አልነቀልኩትም፤ ደምሴ ነው።»

«ትልቅ አምጣ ያለው ማን ነው?»

«አያ ውበቱ፣ አሁን ስለ ይቅርታ ሲያስተምሩን አልነበረም?»

«እሱ ስለናንተ ነው» አሉና ወጡ።

ደምሴ ከታች «ይህን ድንጋይ ግን...» አለ። መምሬ ታፈረ በአገጫቸው አመለከቱኝ። ተነሣሁና ድንጋዩን ከማጅራቱ አነሣሁ፤ «ይቅር ብዬሃለሁ፣ እግዚአብሔርም ይማርህ» አልኩት። ስንት ጊዜ የታለመው ይቅርታ፣ የገነፈለ ድስት ከእሳት እንደሚያወርድ ሰው በጥድፊያ ተከናወነ። ቢያንስ አንድ እንባ ይወርዳል ብዬ ነበር።

«እንግዲህ ታረቅሁ» አልኩ ድንጋዩን እንደታቀፍኩ።

«ከደምሴ ታርቀሃል» አሉ መምሬ ታፈረ። «ከጎረቤትህ ተጣልተሃል፤ ከግዝትም ገብተሃል። በዚህ ላይ አላቆርብህም።»

«ሠርጉ እኮ እሑድ ነው፣ አባቴ። ምን ላድርግ?»

«ድንጋዩ ይኸው። አንገትህም ይኸው።»

ከእኔ ቤት አያ ውበቱ ቤት በጓሮ ቢሆን ቅርብ ነው፤ በአጥሩ ዘልሎ ግን ምሕረት አይለመንም። በመንገዱ ዞሮ፣ ዳገቱን ወጥቶ፣ ሰንበቴ በልቶ በሚመለሰው ሰው መካከል ማለፍ ነው። ነጠላዬን አደገደግሁ። ድንጋዩን ራሴው የመረጥኩት ያህል ነበርና ስለ መጠኑ ለማጉረምረም አልደፈርኩም።

ድንጋይ ተሸክማችሁ ታውቁ እንደሆነ እንጃ። ከድንጋይ ሥር የሚታየው መሬት ብቻ ነው። እግር፣ ኮረት፣ የበቅሎ ፋንድያ። ተማሪዎቼ ቆመው ሲያዩኝ ያወቅኋቸው በእግራቸው ነው። አንዲት ሴት «ምነው መምህር?» ብላ ጀመረችና ነገሩ ሲገባት «እግዚአብሔር ያስታርቃችሁ» ብላ መንገድ ለቀቀችልኝ። ከዚያ በፊት በዚያች መንገድ ባለፍኩ ቁጥር ስለ በደሌ አስብ ነበር። የዚያን ለት አላሰብኩም። አንገቱ ላይ ድንጋይ ያለበት ሰው የሚያስበው ስለ አንገቱ ነው። የተማርኩትን፣ የተከለከልኩትን፣ ማን እንዳደረገብኝ፣ ሁሉንም ረስቼ «አያ ውበቱ ቤት ይኑሩልኝ» ብቻ እል ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ ሌላ ነገር ያልተቀላቀለበት ጸሎት የጸለይኩት ያን ጊዜ ሳይሆን አይቀርም።

ዳገቱ መካከል ላይ ስደርስ ድንጋዩ በድንገት ቀለለ። ልብ ብላችሁ ስሙኝ፤ እውነት ቀለለ። ልቤ ሞቀ። ይህ ጸጋ ነው አልኩ። መጻሕፍት የሚናገሩለት፣ በጾም ስፈልገው ዓመታት ያጣሁት፣ በትዕቢተኛ ላይ የማይወርደው ጸጋ በገዛ ማጅራቴ ላይ ወረደ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። በእንባዬ መካከል ከእግሬ አጠገብ ጭቃ የለበሰ ጫማ አየሁ።

ደምሴ ነበር። ጎኔ ጎኔ እየሄደ፣ ሰው እንዳያየው በነጠላው ሸፍኖ፣ መዳፉን ከድንጋዩ ሥር አስገብቷል። አላናገረኝም። እኔም አላናገርኩትም። «እጅህን አውጣ» ልለው ይገባ ነበር፤ ክብሬም፣ ዓመታቴም፣ ጾሜም ይህን ያዝዙኝ ነበር። አንገቴ ግን እምቢ አለ።

አያ ውበቱ ደጅ ደርሰን ተንበረከክሁ። ከውስጥ «ማነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ ይርጋ። ስለ እግዚአብሔር ይማሩኝ ብዬ ነው።»

«ቆይ፣ እየበላሁ ነው።»

በሉ። ጠጡም መሰለኝ። ሲወጡ የማየው ባዶ እግራቸውን ነበር።

«ከበደህ?»

«ከብዷል።»

«ሸጋ።» እግራቸው ጥቂት ዞር ዞር አለ። «የዳይሬክተሩ እጅ እዚያ ምን ይሠራል?»

«የነቀልኩት እኔ ነኝ፣ አያ» አለ ደምሴ። «ስለ እኔም ይማሩን።»

የአያ ውበቱ እግር ቀረበ። ኋላ ድንጋዩን አነሡትና «ይማራችሁ። ሁለት ዳዊት ደጋሚ አንድ ወሰን አታውቁ» አሉ።

ሦስታችን በጓሮ ወርደን ተከልነው። ሲተከል አያ ውበቱ በእግራቸው ገፋ አደረጉትና አንድ ስንዝር ያህል ወደ እኔ በኩል ገባ። አየሁ። ደምሴም አይቶ እኔን አየኝ። ለአባቴ ጌሾ አንደበቴን ልከፍት ስል አንገቴን ነካሁት፤ ተውኩት። አያ ውበቱ ድንጋዩን በተረከዛቸው ረግጠው ሲያጠብቁ «አሁን ልክ ነው» አሉ። «ልክ ነው» አልኩ።

በሚቀጥለው እሑድ ከየሺ ጋር ቆረብን። ደምሴ ከሚዜዎቹ ኋላ ቆሞ ነበር፤ የጠራችው እሷ ናት። አሁን ጠዋት ጠዋት በር ላይ «እንደምን አደርክ» ሲለኝ ድምፄን ጫን አላደርግም። ዓርብ እንደማንኛውም ሰው እጾማለሁ፤ ከንፈሬም ሲደርቅ አርሰዋለሁ። መጽሐፉን ግን እስካሁን አልጻፍኩም፤ ምክንያት እየፈለግሁለት ነው።

«ሥጋ ይበላል» ስላለኝ ይቅር ብዬዋለሁ። ወንበሩንም ይቀመጥበት። ያን እጁን ከድንጋዩ ሥር ስላስገባብኝ ግን፣ እግዚአብሔር ይርዳኝ፣ ገና ይቅር ልለው አልቻልኩም።